ከቀለሙ አትጀምር

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቡናህን ይዘህ ስልክህን ታገላብጣለህ። ከሚሸጡት አሮጌ ዕቃዎች መሃል አንዲት ፎቶ ብቅ ትላለች። ዝገት የወረሳት ትንሽ ተሳቢ። አንድ ጎማዋ ተንፍሷል። በወለሏ ጣውላ መሃል ሣር በቅሏል። ዋጋ፦ 250 ዶላር።

ፈገግ ብለህ አለፍካት። አይደል?

ተመለስ!

ተሳቢ ስልህ ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ የሚመጣው ግዙፉ ትዝ እንዳይልህ። እዚህ አሜሪካ ከቤት መኪና ኋላ እየተጎተተች የምትሄደዋን ትንሿን ነው የምልህ። ወርዷ 4 ጫማ፣ ርዝመቷ 8 ጫማ። አንድ አክስል፣ ሁለት ጎማ፣ የጣውላ ወለል። አለቀ። ሞተር የላትም። ማርሽ የላትም። የሚበላሽ ኮምፒውተር የላትም። ታዲያ ምኗ ነው ያስፈራህ?

«እኔ እኮ የእጅ ሙያ የለኝም» ልትለኝ ነው።

ማን ነገረህ? ስንት ጊዜ ሞክረህ ወደቅክ? አንድም ጊዜ አልሞከርክም! ገና ሳትፈተን ነው ራስህን የጣልከው።

እኔም እንዳንተ ነበርኩ። ብሎን ከዳዶ የማልለይ፣ ግድግዳ ላይ ሚስማር እንኳ ሰው ጠርቼ የማስመታ። ዛሬ የራሴ ተሳቢ አለችኝ። ሰመር በመጣ ቁጥር ድንኳን፣ ፍራሽና ጀበና ጭና ተራራ ትወጣለች። የቀረውን ጊዜ የሰው ሶፋ ስታመላልስ ትከርማለች። ምን ተለወጠ? አንድ ቀን ወሰንኩ። በቃ።

ወሰንኩ እንጂ በቅጡ ጀመርኩ አላልኩህም። አጀማመሬ የተገለበጠ ነበር። ልንገርህ፤ አንተ እንዳትደግመው።

ተሳቢዋን ቨርጂኒያ ውስጥ ከምናሳስ ወዲያ ካለ አንድ እርሻ ገዛኋት። ጎማዋን ነፍተን፣ በኋላ መንገድ፣ በኤሊ ፍጥነት አሌክሳንድርያ አደረስናት። የመጀመሪያ ሥራዬ ምን ነበር መሰለህ? ቀለም! የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ጎረቤት አደነቀ። ባለቤቴ ፎቶ አነሳች። የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ተለጠፈች፤ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ሳትቀር የልብ ምልክት ላከችላት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ድንኳናችንን ጭነን ወደ ሸነንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተነሳን። በ66 አውራ ጎዳና ላይ፣ ፍሮንት ሮያል ሳንደርስ፣ ከኋላ የሚነዳ ሰው መብራቱን ያርገበግብብኝ ጀመር። ዳር ያዝኩ። የግራው ጎማ መሃሉ ይጨሳል። የተቃጠለ ግራሶ ሽታ ታውቃለህ? ሽሮ ድስት ውስጥ ሲያርር ላምባ የደፉበት ያህል ነው። ይባስ ብሎ ከኋላ መብራቶቿ አንዱም አይበራም ነበር። ለካ ስንት ማይል ሙሉ ያለ ፍሬን መብራት ነው የመጣነው።

ቀለሟ ግን ያብረቀርቃል።

ልትጭን የወጣችው ተሳቢ በሌላ መኪና ተጭና ተመለሰች። አሌክሳንድርያ ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ድሮ አዲስ አበባ ጋራዥ የሠሩ አንድ አዛውንት አሉ። ወሬው ደርሷቸው ማታውኑ መጡ። ዙሪያዋን አንዴ ዞሯት። ጎንበስ ብለው ቀለሙን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ተላጠ፤ ከሥሩ ዝገቱ ብቅ አለ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ፊቷን ሳታጥባት ኩል ኳልካት እኮ!»

ይቺ ንግግር ለተሳቢ ብቻ መሰለችህ? ጂም ለመጀመር አዲስ ጫማ የገዛኸው መቼ ነው? ጫማው አሁን የት አለ? እንግሊዝኛ ለማሻሻል ያወረድከው አፕሊኬሽንስ? በጃንዋሪ 1 የገዛኸው ባለ ቆዳ ሽፋን አጀንዳ ስንት ገጹ ተጻፈበት? ሁላችንም ከቀለሙ እንጀምራለን። ቀለም ቶሎ ይታያላ! ቶሎ ያስመሰግናላ!

ከዚያ ማታ ወዲህ ቅደም ተከተሌ ይሄ ነው፤ መጀመሪያ የሚሸከመው፣ ቀጥሎ የሚሽከረከረው፣ ቀጥሎ የሚበራው። የሚያምረው መጨረሻ።

«ለመሆኑ ተሳቢ ምን ያደርግልኛል?» ካልክ ደግሞ አንድ ታሪክ ስማ። አሜሪካ ኖሮ የዕቃ መጫኛ አከራዩን ዩ-ሆልን የማያውቅ ሐበሻ አለ? ቤት በቀየርን ቁጥር ደጃቸው ነን። አጀማመራቸውንስ ታውቃለህ? 1945 ነው። ሊዮናርድ ሾን የሚባል ከባሕር ኃይል የተሰናበተ ወጣት ከባለቤቱ ከአና ሜሪ ጋር ከሎስ አንጀለስ ወደ ፖርትላንድ ሊዛወር አሰበ። ዕቃ ጭኖ፣ እዚያው ደርሶ የሚተወው የኪራይ ተሳቢ ፈለገ። የለም። መኪናቸው የቻለችውን ብቻ ጭነው ሄዱ።

ሌላ ሰው ቢሆን መንገዱን ሙሉ አማርሮ፣ ሲደርስ ይረሳዋል። እነሱ ግን ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሪጅፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በ5,000 ዶላር፣ ተሳቢ እየሠሩ ማከራየት ጀመሩ። ማከራያ ቦታቸው ነዳጅ ማደያ ነበር። እንደ አንተዋ ዓይነት ተሳቢ ነው የምልህ! ሣጥን፣ አክስል፣ ሁለት ጎማ።

አንተስ ምን ጎደለህ? ልጅህ ዶርም ሲገባ ስንት ምልልስ አደረግክ? የማኅበሩ ድግስ ሲደርስ ወንበርና ጠረጴዛውን ማን ያመጣል? ካምፕ እንውጣ ሲባል ስንት ጊዜ «ዕቃው አይበቃንም» ብለህ ቀረህ?

እንግዲያው ደውል። ቀጠሮ ያዝ። መዶሻ፣ ሜትርና የእጅ ባትሪ ይዘህ ሂድ።

ስትደርስ ፊቷን አትይ። ተንበርከክና ሆዷን እይ። ሱሪህ ይቆሽሽ! ብረቷን በመዶሻ ቀስ እያልክ ምታት። እንደ ደወል ከጮኸች ጤነኛ ናት። ዱብ የሚል የታፈነ ድምፅ ካሰማች፣ ወይም ብረቱ እንደ ቂጣ እየተላጠ ከወደቀ፣ ዝገቱ ውስጥ ገብቷል። ላይ ላዩን ያለው ቡናማ ዱቄት አያሳስብህ፤ እሱ በሽቦ ብሩሽ ይለቃል። የሚያሳስብህ የተሰነጠቀ ብየዳ ነው፤ በተለይ አንገቷ ከአካሏ የሚጋጠምበት ቦታ። ከዚያ ሜትርህን አውጣና ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ለካ፤ ሁለቱንም። እኩል ከሆኑ አካሏ ቀጥ ያለ ነው። ከተበላለጡ ተጣማለች፤ አመስግነህ መኪናህ ውስጥ ግባ።

አስቀያሚ ርካሽ ነው። ጠማማ ግን ውድ ነው።

ወረቀቷንም ጠይቅ። አካሏ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ታይትሉ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት የምትኖርበትን ግዛት የተሽከርካሪ ቢሮ ጠይቅ። ወረቀቷ የተበላሸ ተሳቢ በነፃ ብትሰጥህም ታስከፍልሃለች። ከዚያ ተከራከር! መርካቶ ያደገ ሰው ዋጋ ማስቀነስ ከማን ሊማር ነው?

መርካቶን ካነሳን አይቀር፣ ምናለሽ ተራ ገብተህ ታውቃለህ? የዘይት በርሜል ምድጃ ሲሆን፣ የመኪና ጎማ በረባሶ ሲሆን አይተሃል። ልዋጭ በበራችን እየጮኸ ነው ያደግነው። ከአንዱ ቤት የተጣለው ከሌላው ቤት ሲገባ ያየ ዓይን አለህ። ያን ዓይን ቦሌ ላይ ጥለኸው መጣህ? አይመስለኝም። ተኝቷል እንጂ። ቀስቅሰው!

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ጎማው ስለሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ዘለግ አድርጌ ነው የምነግርህ። መንገድ ዳር ያቆመኝ እሱ ነው፤ ሰው ያደረገኝም እሱ ነው።

ጋሼ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ጎማው እንዳይንሸራተት ታኮ አደረግንበት። በክሪክ አነሳናትና ከሥሯ ጠንካራ ማቆሚያ አስገባን። «በክሪክ ብቻ ከቆመ ነገር ሥር አትግባ» አሉኝ፤ ሁለት ጊዜ። የጎማዋን መሃል ክዳን ዙሪያውን በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው ፈለቀቁት። ውስጡ ዘውድ የመሰለ ዳዶ አለ፤ እንዳይዞር የታጠፈ ሽቦ ይቆልፈዋል። ሽቦውን በፒንሳ መዘዙት። ዳዶውን ፈቱ። የጎማው እምብርት፣ እሳቸው ሞዞ የሚሉት፣ ተንሸራቶ ወጣ። ከፊትና ከኋላው ሁለት ኩሽኔታ አለ። አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

ግራሶው ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ደርቋል። በላምባ አጥቤ በጨርቅ አደረቅኩት።

«በል አሁን ዓይንህን ግለጥ» አሉኝ።

በዙሪያው የተደረደሩት ትንንሽ ጥቅልል ብረቶች እንደ ብር ካብለጨለጩና ሳይቆራረጡ ከዞሩ ደህና ናቸው። ከተቦረቦሩ ጣላቸው። ሰማያዊ ከሆኑ ደግሞ በሙቀት ነደዋል፤ የብረቱ ጥንካሬ አልቋል። የእኔዎቹስ? ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ቤንዚን ሰማያዊ ሐምራዊ! ማማራቸው! ጋሼ አንስተው በፀሐይ አዩዋቸውና «ይሄኛውን ቀለም ግን አንተ አልቀባኸውም» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

አዲስ ስትገዛ ቁጥሩን ከአሮጌው ላይ አንብብ። ከነቀለበቱ ግዛ፤ ኩሽኔታውና የተቀመጠበት ቀለበት ባልና ሚስት ናቸው፣ አንዱን ለብቻው አይቀይሩትም። ግራሶው እንዳይወጣ የሚያግደውን ፓራዮሊዮም አዲስ አድርገው። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይርቅም፤ በእሱ ላይ የሚቆጥብ ሰው ያስቀኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው የምወደው ክፍል ነው። መዳፍህ ላይ የሎሚ ያህል ግራሶ አድርግ። ኩሽኔታውን በሰፊው ጫፉ በኩል ግራሶው ላይ ጫን፣ ሳብ። ጫን፣ ሳብ። በብረቶቹ መሃል አልፎ በወዲያኛው ጫፍ ብቅ እስኪል። ትንሽ አዙረህ ድገም። ዙሪያውን እስክታዳርስ። መሣሪያ አለው፤ እኔ ግን እጄን እመርጣለሁ። እንጀራ ፈትፍቶ መጉረስ የቻለ እጅ ይሄ ያቅተዋል?

ዳዶውን ስትመልስ ሞዞውን እያሽከረከርክ አጥብቀው፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። ከዚያ አላላው። ከዚያ በጣትህ ብቻ አስይዘው። በአዲስ ሽቦ ቆልፍ። ስንቱ ጎበዝ ጉልበቴን ላሳይ ብሎ ዳዶውን አንቆ ኩሽኔታ አቃጥሏል! ስትጨርስ ጎማውን ላይና ታቹን ይዘህ ነቅንቀው፤ ከተንጓጓ ልል ነው። ትንሽ ንዳና ቁም። እጅህን ወደ ሞዞው በጥንቃቄ አስጠጋ። ለብ ካለ ደግ ነው። ካቃጠለህ መልሰህ ፍታው።

ያን ቀን ጋሼ የግራውን ሠሩ። የቀኙን ለእኔ ተዉልኝ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሻይ ያዙ። አንድም ቃል አልተነፈሱም። እሳቸው በ40 ደቂቃ የጨረሱት ለእኔ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። አንዴ ፓራዮሊዮውን ረስቼ ሁሉንም መልሼ ፈታሁ። ሻያቸውን ፉት አሉ፤ ዝም። በመጨረሻ ጎማውን በእጄ ገፋ አደረግኩት። ዞረ። ድምፅ የለውም። መዞሩን ሊያቆም አልፈለገም። በ43 ዓመቴ፣ በሁለት እጄ፣ የተበላሸ ነገር አስነሳሁ። ጋሼ ተነሱና ወንበራቸውን አጠፉ። «የሚቀጥለው ቅዳሜ መብራት» አሉኝ።

ያን ሌሊት በጥፍሬ ሥር ግራሶ እያለ ነው የተኛሁት። ሆን ብዬ!

መብራት ሰዎች የሚሸሹት ሥራ ነው። ለምን? ከመኪናህ የሚመጣው ጠፍጣፋ ሶኬት አራት ሽቦ ነው ያለው። ነጩ ማሳ፤ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት። ቡናማው የማታ መብራት። ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን። አረንጓዴው የቀኝ። ጨረስክ፤ ምረቃህ ነው! መብራት እምቢ ሲል ብዙ ሰው አምፖል ይቀይራል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ነጩ ሽቦ ነው። ማሳ የሚይዘው እርቃኑን የቀረ ብረት ሲነካ ነው። ዝገት ወይም ቀለም መሃል ከገባ ኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገድ ያጣል። የእኔዋ ለምን አልበራችም? የማሳው ብሎን ሥር አረንጓዴ ቀለም ደርቤ ቀብቼ ነበራ! ጋሼ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አደረጉት። በራ። ሁለት ቅዳሜ የለፋሁበትን ቀለም ነው ያጠፉት፤ አላዘንኩም።

ጎማው ላይ ብዙ አልቆይም። ጎኑ ላይ ዲኦቲ የሚለውን ፈልግ፤ ከእሱ ተከትሎ የሚመጡት የመጨረሻ አራት አኃዞች የልደት ቀኑ ናቸው። 2314 ካለ በ2014 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ፀሐይ ላይ ቆሞ የኖረ ጎማ ያረጃል። ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ሸኘው። አዲስ ስትገዛ ኤስቲ የሚል፣ ለተሳቢ ተብሎ የተሠራ ምረጥ።

ወለሉም እንዲሁ። የበሰበሰውን ጣውላ አንሳ። ለውጭ ሥራ በመድኃኒት የተነከረ ጥድ ግዛ፤ ብሎኖቹም ዝገት የማይደፍራቸው፣ ዚንክ ውስጥ የተነከሩ ይሁኑ፤ የጣውላው መድኃኒት መዳብ አለበትና ተራውን ብረት ይበላዋል። የድሮውን ጣውላ ደግሞ «ለካምፕ እሳት ይሆናል» ብለህ እንዳታስቀምጥ! ከ2004 በፊት ለቤት ሥራ ይሸጥ የነበረው የተነከረ እንጨት አርሴኒክ ነበረበት። ጭሱም አመዱም መርዝ ነው። ጥብስህን በእሱ አትጥበስ።

«ጊዜ የለኝም፤ ሁለት ሥራ ነው የምሠራው።»

ሰማሁህ። ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን። ማን ሙሉ ቀን ስጠኝ አለህ? በሳምንት አንድ ነገር። አንድ ብቻ! በዚህ ቅዳሜ የግራ ጎማ። በሚቀጥለው የቀኝ። ከዚያ መብራት። ከዚያ ወለል። ሥራ ከመግባትህ በፊት ሁለት ሰዓት በቂ ነው። የሚቀጥለውን ሥራ በወረቀት ጽፈህ ፍሪጅ ላይ ለጥፍ፤ ወተት ስታወጣ ታየዋለህ። ጋራዥ የለህም? እኔም የለኝም። የጓደኛ ግቢ ለመንኩ። ስድስት ቅዳሜ ነው የፈጀብኝ፤ ያለ ቀለሙ።

አዎ፣ ቀለም። አሁን ተራው ደረሰ። መነጽር አድርግና ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈትግ። ቅባቱን ጥረግ። አንቲረስት ቀባ። በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ደስ ያለህን። የሻንሲ ቁጥሯንና የማሳውን ቦታ ብቻ አትንካ። እኔ በሁለተኛው ዙር ግራጫ ቀባኋት፤ አረንጓዴ ማየት አስጠልቶኝ ነበር። የቤተሰብ ግሩፑ በዚህኛው ብዙም አልተደነቀም።

አልጨረስክም! መጫንም ትምህርት አለው። አካሏ ላይ ያለው የክብደት ሰሌዳ ጠቅላላ 2,000 ፓውንድ ቢልና ራሷ 400 ብትመዝን፣ የአንተ ድርሻ 1,600 ብቻ ነው። መኪናህስ ስንት ትጎትታለች? መመሪያ መጽሐፏን አውጣ፤ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ነው፣ ከፍተኸው አታውቅም። ብዙ ሐበሻ የሚነዳት ቶዮታ ሲዬና እስከ 3,500 ፓውንድ ተፈቅዶላታል። የአንተዋ ምንም አትጎትትም የሚል ከሆነ ግን ስማው።

ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉ ከአክስሉ ፊት ይሁን። መኪናህ ላይ የሚያርፈው የአንገቷ ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ከነጭነቷ 1,000 ፓውንድ ከሆነች፣ አንገቷ ከ100 እስከ 150 ይመዝናል። በምን ትለካዋለህ? መታጠቢያ ቤት ባለው ሚዛን! ያው ከበዓል በኋላ በምትሸሸው ሚዛን። ኋላዋ ከከበደ በፍጥነት መንገድ ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ትጀምራለች፤ መኪናህንም ይዛ ነው የምትወዛወዘው።

ኳሷንም አንብብ። የምትጎተትበት ኳስ 1 ከ7/8 ኢንች ወይም 2 ኢንች ሊሆን ይችላል፤ ለዓይን አንድ ናቸው። ለ2 ኢንች የተሠራ የተሳቢ አፍ ትንሿን ኳስ ጎርሶ የተቆለፈ ይመስልሃል። ጉድጓድ ላይ ስትደርስ ይተፋታል። ቁጥሩ ኳሷ አናት ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ሁለት ሰከንድ ነው። ሰንሰለቶቹን ከአንገቷ ሥር በመስቀል አሳልፈህ እሰር፤ ድንገት ብትለቅ አስፋልት ሳትነካ ይቀልቧታል።

ወደ ኋላ መንዳትስ? እጅህን መሪው ታች ላይ አሳርፍ። የተሳቢዋ ኋላ ወደ ግራ እንዲሄድ ትፈልጋለህ? እጅህን ወደ ግራ። ወደ ቀኝ? ወደ ቀኝ። በጥቂት በጥቂቱ። አጭር ተሳቢ ከረጅሙ ቶሎ ትታጠፋለች፤ ስለዚህ ብታስቸግርህ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። ባዶ ፓርኪንግ ፈልግና ተለማመድ። እኔ አንድ ሙሉ ከሰዓት ታገልኩ። ባለቤቴ በሁለተኛው ሙከራ በሁለት መስመር መሃል አስገባቻት። ወርዳ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠች። ምንም አላለችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

እናም ሄድን። ሸነንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በ1935 የተቋቋመ ነው። በተራራው ጀርባ ላይ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ይረዝማል፤ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል ነው። ተሳቢ ለሚለማመድ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ ማንም አይቸኩልም፣ ማንም ጡሩንባ አይነፋብህም። ሰው መልክዓ ምድሩን ሊያይ በሚቆምበት ቦታ ሁሉ ቆምኩ። አብረውኝ ያሉት እኔም ለዚያው የቆምኩ መስሏቸዋል። እኔ ሞዞ ለመንካት ነው። ለብ ያለ፣ ሁሌም ለብ ያለ።

ቢግ ሜዶውስ ላይ ሰፈርን። ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ማታ ነፋሱ ደብረ ብርሃንን ያስታውስሃል። ተሳቢዋን ነጥለን፣ ጎማዋ ሥር ታኮ አድርገን፣ አራት ማዕዘኗን ደገፍን። ይሄን አትርሳ፤ ካልደገፍካት እኩለ ሌሊት ላይ ስትገላበጥ እሷም አብራህ ትነሳለች። ላይዋ ላይ ሸራ ወጥረን ፍራሽ ዘረጋን። ሌሊት ዝናብ መጣ። ከጎናችን ድንኳን የተከሉት ሰዎች ውሃ ሲጠርጉ ይሰማናል። እኛ ከመሬት ከፍ ብለን በደረቅ ጣውላ ላይ ተኝተናል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ። እንጨት ከቤትህ ጭነህ አትምጣ፤ ዛፍ የሚጨርስ ተባይ አብሮ ስለሚጓዝ ፓርኩ በሙቀት የታከመውን ብቻ ነው የሚቀበለው። ወጥህንም ተሳቢዋ ላይ ትተህ አትተኛ። ጥቁር ድብ አለ። የዶሮ ወጥ ሽታ ለድብም ያው ሽታ ነው። መኪና ውስጥ ቆልፍበት።

ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሳ ጀበናው ተጣደ። የተሳቢዋ ጠርዝ ላይ ስኒ ደረደርን።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከዴንቨር ደወለልኝ። አንድ ወዳጄ ነው ቁጥሬን የሰጠው።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» አለኝ። ጋሼ! እኔን ነው!

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ልታዘዝ?»

«ተሳቢ ገዛሁ፤ 200 ዶላር። ምን ቀለም ልቀባት እያልኩ ነበር።»

«አካሏን በመዶሻ መታ መታ አድርገሃል?»

«አድርጌያለሁ። ይጮኻል።»

«እንግዲያው አንዱን ጎማ ፍታና ኩሽኔታውን አውጣ። አጥበህ ፎቶ ላክልኝ።»

ሦስት ሰዓት ቆየ። ተስፋ የቆረጠ መስሎኝ ነበር። ስልኬ ጮኸ። እስከ አንጓው በግራሶ የጠቆረ መዳፍ፤ መሃሉ ላይ ኩሽኔታው።

ሰማያዊ።